አዲሱ ሕንፃ ያምራል ወይ? ከየት ሆነው ሲያዩት?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «መሃል አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ፊት ለፊታችን ዓምና አንድ ረጅም የመስታወት ሕንፃ ተመርቆ ማታ ማታ ከላይ እስከ ታች ቀለም እየቀያየረ ያበራል። አባቴ “አዲስ አበባ አሁን ገና ከተማ መሰለች” ብለው ይደሰታሉ። ወንድሜ የሌላ አገር ግልባጭ ነው፣ ያስጠላል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሕፃን ልጄን ማስተኛት አቅቶኛል። ሰፈሩም እንደ ቤታችን ለሦስት ተከፍሏል። እናንተ ባለሙያዎች ይህን በምን ትዳኙታላችሁ? የምርጫ ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ የሚለካ ነገር አለው? እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ምላሽ

ሦስታችሁም ያላችሁት ልክ ነው። ይህን የምለው ቤተሰብ ለማስታረቅ አይደለም። ሕንፃው አንድ ቢሆንም የምታዩበት ርቀት ለየቅል ነው። አባትዎ ከሩቅ ያዩታል፤ ከቀለበት መንገድ፣ ከእንጦጦ ቁልቁለት፣ ከታክሲ መስኮት። ወንድምዎ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቅርጹንና ልባሱን፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑን፣ ያያል። እርስዎ ከአልጋዎ ያዩታል። እኔ ረጅም ሕንፃን የምዳኘው በእነዚህ ሦስት ርቀቶች ነው፤ አንዱን አልፎ ሁለቱን የወደቀ ሕንፃ ብዙ ነው። በከተማችን ስለ አዲሶቹ ፎቆች የሚደረገው ክርክር ወደፊት የማይራመደውም ሁሉም ከቆመበት ቦታ ስለሚናገርና የሌላውን ቦታ ስለማያይ ይመስለኛል።

ከአባትዎ ልጀምር፤ ደስታቸው መሠረት አለው። አዲስ አበባ ከላይ የምትታይ ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ መሃል ከተማው ደግሞ ከዚያ ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። እንጦጦ ላይ የቆመ ሰው ከተማዋን እንደ ካርታ ያነባታል፤ ለማንበብ ደግሞ ምልክት ያስፈልገዋል። በጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር ነበር፤ በየካቲት 2014 የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ደርሷል። ሔን የተባለው የጀርመን የአርክቴክቶች ድርጅት ነው የነደፈው። ዛሬ አውቶቡስ ተራም ሆነ ቦሌ ያለ ሰው መሃል ከተማው ወዴት እንደሆነ በዚያ ሕንፃ ይለያል። አባትዎ ይህ ሁሉ ያልነበረባትን ከተማ ስለሚያውቁ፣ «ከተማ መሰለች» ሲሉ የምር ነው።

ነገር ግን ከሩቅ የሚታይ ነገር ሁሉ አንድ ሕግ አለው፦ ምልክት የሚሆነው ጥቂት ሲሆን ነው። አንድ ሁለት ሕንፃ አናታቸው ላይ ቢያበሩና ሌላው ዝም ቢል የከተማዋ መልክ ይነበባል። ሃያው በአንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ እያለ ሲፈራረቅ ግን ከእንጦጦ የሚታየው ብልጭ ድርግም የሚል ጉም ብቻ ነው፤ የቱ ባንክ፣ የቱ ሆቴል እንደሆነ መለየት አይቻልም። በኮሪደር ልማቱ መስመሮች የሕንፃ ባለቤቶች ፊት ለፊታቸውን እንዲያድሱና መብራት እንዲተክሉ ተጠይቀዋል፤ ውጤቱ ምሽት ላይ በዓይን የሚታይ ለውጥ ነው፣ ብዙ ሰውም ወዶታል። የሚጎድለው በሕንፃና በሕንፃ መካከል ያለ ስምምነት ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ይተክላል፤ ማን ደምቆ ማን ይለዝብ የሚለውን የሚወስን ያለ አይመስልም።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። «ግልባጭ ነው» የሚለው ወቀሳ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር፤ ግን ፀሐይን የሚመለከት ጠንካራ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም፣ ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያለ መስኮት አጭር የኮንክሪት ጥላ ቢኖረው ይበቃዋል። ችግሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች፣ ከላይ የተሠራ ጥላ አያግዳትም። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ጨረሩም ይበረታል። እንዲህ ባለ ቦታ አራቱንም ጎን በአንድ ዓይነት መስታወት የሸፈነ ሕንፃ ፀሐይ ከየት እንደምትወጣ ሳይጠየቅ የተሠራ ነው። ያው ሕንፃ ሌላ አገር ቢተከልም ልዩነት አይኖረውም ነበር፤ ወንድምዎ «ግልባጭ» ያለው ይህንኑ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ፎቅ ፊት ቆሞ መስኮቶቹን መቁጠር ይበቃል። መጋረጃው ሁሉ ወርዷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አምፖል በርቷል። ብርሃን ለማስገባት ተብሎ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ግድግዳ ብርሃን እየተከለከለበት በኤሌክትሪክ ይሠራል ማለት ነው። የአዲስ አበባ አየር መስኮት ከፍቶ ለመሥራት ከሚመቹት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ መስኮቱ የማይከፈት ፎቅ ሠርቶ በማቀዝቀዣ ማኖር ያሳዝነኛል።

የውጭውን ነጸብራቅም አንርሳ። በመስከረም አጋማሽ አካባቢ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 34 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ በስተምዕራብ ትሆናለች። ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ጨረሩን በዚያው ማዕዘን ወደ ታች ይመልሰዋል። ከመንገዱ በ40 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መስታወት የሚመልሰው ጨረር ከሕንፃው ሥር 60 ሜትር ያህል ርቆ መሬት ይነካል፤ በ60 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ደግሞ 80 ሜትር አልፎ። መሃል ከተማ ውስጥ ያ ርቀት መንገድ ነው፣ የሚያቋርጥ እግረኛና የሚነዳ ሹፌር ያለበት። ተራ ጥርት ያለ መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ አንጸባራቂ ቅብ ያለው ግን 20 እና 30 በመቶ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ወደ ውስጥ የጎበጠ የመስታወት ፊት ያለው አንድ ፎቅ፣ ጨረሩን መንገድ ላይ አከማችቶ የቆመ መኪና ክፍሎችን እስከ ማቅለጥ ደርሷል። የእኛዎቹ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ስለሆኑ እዚያ አይደርሱም፤ ዓይን ማጭበርበር ግን ያጭበረብራሉ።

መስታወት ለምን በዛ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ከርተን ዎል የሚባለው ከሕንፃው ውጭ የሚንጠለጠል የመስታወት ግድግዳ ቶሎ ይገጠማል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ባለቤቱ «ዘመናዊ» የሚለውን መልክ ይሰጠዋል፣ አከራይም ይወደዋል። ሌላ መንገድ ግን ነበረን፣ አሁንም ቆሞ ይታያል። በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽንና ማዘጋጃ ቤቱን ሲሠራ፣ ፈረንሳዊው ሔንሪ ሾሜትም በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሲሠራ፣ ግድግዳቸው ጥልቀት ነበረው። መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ኮንክሪቱ ጥላ ይጥላል። እነዚህም የውጭ አገር ሰዎች እንደነበሩ ወንድምዎ ልብ ይበል፤ የነዳፊው ፓስፖርት ፀሐይን ከመረዳት አያግድም።

ስለ ልባስ ከተነሳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አሮጌ ሕንፃ ሲታደስ ኤሲፒ በሚባለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ማልበስ፣ በላዩም የመብራት ሽቦ መዘርጋት የተለመደ ሆኗል። የዚህ ሰሌዳ ርካሹ ዓይነት መሃሉ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀጣጠላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ግሬንፌል ታወር ላይ 72 ሰዎች የሞቱበት እሳት በፍጥነት ወደ ላይ የወጣው በዚህ ዓይነት ልባስ ነው። የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ሰሌዳው መሃሉ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ሳታገኙ አትፈርሙ።

ከመንገዱ ማዶ ያለውን ርቀት ሳልጨርስ፣ ስለ ታችኛዎቹ ሦስት ፎቆች። መንገደኛ የሚኖረው ከእነዚያ ጋር ነው፤ 40ኛው ፎቅ አይጠቅመውም አይጎዳውም። የመኪና መግቢያ መወጣጫው የእግረኛውን መንገድ ቆርጦታል? የጄኔሬተሩ ጭስ በሰው ቁመት ይወጣል? በዝናብ ጊዜ መጠለያ የሚሆን ጥላ አለ? መሬት ላይ ሱቅ አለ ወይስ ባዶ ግድግዳ? ሰዎች ስለ አንድ ፎቅ «ቀዝቃዛ ነው» ሲሉ ስጠይቃቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩኝ ስለዚህ ነው፣ ስለ አናቱ አይደለም።

ሌላም ከምርጫ ጋር የማይገናኝ ተቃውሞ አለ። በ2016 ፒያሳና አካባቢዋ ሲፈርስ ጎረቤቱን፣ እድሩን፣ የእንጀራ ደንበኛውን ጥሎ ወደ ከተማዋ ዳር የሄደ ሰው የአዲሱን መንገድ መብራት ሲያይ «ያስጠላል» ቢል፣ ስለ ብርሃን መጠን አይደለም የሚያወራው። ለእሱ መልስ የሚሆን የሥነ ሕንፃ ማብራሪያ የለኝም። በዳሰሳ ጥናት ውስጥ «የማይወድ» ተብሎ ከሌሎቹ ጋር መደመሩ ግን ስህተት ነው፤ የጠየቀው ስለጠፋ ኑሮ ነውና።

አሁን ወደ መስኮትዎ። እርስዎ የሚያነሱት ከሦስቱ ሁሉ በቁጥር የሚለካው፣ በአንድ ምሽትም ሊስተካከል የሚችለው ነው።

መስታወትን ማብራት አይቻልም። ድንጋይ ወይም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ብርሃን ሲጣል ግድግዳው ያበራል፣ አምፖሉ አይታይም። መስታወት ላይ የተጣለ ብርሃን ግን አንድም አልፎ ይገባል፣ አንድም ወደ ሰማይ ይንጸባረቃል፤ ሕንፃው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመስታወት ፎቅ ማታ እንዲታይ የፈለገ ባለቤት ኤልኢዲዎቹን ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሮ ይተክላቸዋል። ማለትም መብራቱ የሚያበራው ሕንፃውን ሳይሆን እርስዎን ነው። የወንድምዎ ቅሬታና የእርስዎ እንቅልፍ ማጣት ከአንድ ውሳኔ የመጡ ናቸው። አንድ ቀላል መለያ ልስጥዎ፦ ከመስኮትዎ ሲያዩ የሚታይዎ የበራው ግድግዳ ከሆነ ጥሩ ተሠርቷል፤ የሚታይዎ ራሱ አምፖሉ ከሆነ ተበላሽቷል።

ሲአይኢ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ከውጭ ወደ ሰው መስኮት የሚገባ ብርሃን እስከ ስንት መሆን እንዳለበት መመሪያ አለው። ደማቅ በሆነ የከተማ እምብርት፣ ሰው ነቅቶ በሚያመሽበት ሰዓት እስከ 25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ከመኝታ ሰዓት በኋላ እስከ 5 ሉክስ። መካከለኛ ብርሃን ባለው የመኖሪያ አካባቢ ደግሞ 10 እና 2። ለማነጻጸር ያህል፣ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከ0.3 ሉክስ ብዙም አያልፍም። የአንድሮይድ ስልክ ካለዎ የሉክስ መለኪያ መተግበሪያ ይጫኑ፤ የክፍሉን መብራት አጥፍተው የስልኩን ፊት ወደ ውጭ አድርገው መስታወቱ ላይ ያስጠጉት። ሕንፃው በበራበትና በጠፋበት ሰዓት ለየብቻ ይለኩና ልዩነቱን ይጻፉ። ስልክ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም፤ 3 እና 30ን ግን ይለያል፣ ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ያ ነው።

ልጅዎ ለምን እንደተቸገረም ልንገርዎ። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለመለየት የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ፤ ይበልጥ የሚነቁት በሰማያዊው የብርሃን ክፍል ነው። የሕፃን የዓይን ሌንስ ጥርት ያለ ስለሆነ ከአዋቂው የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ቀለም እየቀያየረ የሚያበራ ፎቅ ወደ ሰማያዊና ነጭ በደረሰ ቁጥር ክፍሉን ያነጋዋል። መቀያየሩ ራሱም ሌላ ጣጣ አለው፦ የዓይናችን ዳር ቀለም ለመለየት ደካማ፣ እንቅስቃሴ ለመያዝ ግን ንቁ ነው። ጀርባ ሰጥተው ቢተኙ እንኳ ግድግዳው ላይ የሚፈራረቀው ብርሃን ይጠራዎታል። ያው ብርሃን ባለበት ቢቆም ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ የብርሃን ሙቀት በኬልቪን ይለካል። 2700 እስከ 3000 ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፣ ከ5000 በላይ ወደ ሰማያዊ። የአምቦ ድንጋይ የለበሰ አሮጌ ግድግዳ ላይ 3000 ኬልቪን ብርሃን ከሥር ወደ ላይ አስጠግቶ ሲጣል፣ የመዶሻው ምልክት ሁሉ ጥላ ያወጣል፣ የድንጋዩ ቢጫና ሮዝ ይነቃል። እዚያው ላይ አረንጓዴ ፓውዛ ሲለቀቅበት ድንጋዩ ይሞታል፤ ፕላስቲክ ይመስላል። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ አረንጓዴ ብርሃን ውስጥ ሮዝ የለም፣ ስለዚህ ድንጋዩ የሚመልሰው ሮዝ አያገኝም።

«መብራት ከበዛ ደኅንነት ይጨምራል» የሚለውን መከራከሪያም ይሰሙ ይሆናል። የመንገድ መብራት ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ በኮሪደሮቹ ላይ ማታ የሚሄዱ ሴቶች ለውጡን ይመሰክራሉ። የፎቅ ጌጥ መብራት ግን ሌላ ነው። ዓይን ለደማቁ ነገር ራሱን ሲያስተካክል ከጎኑ ያለው ጨለማ ይብሳል። ከሚያበራው ፎቅ ሥር ወደ ሰፈር የሚገባው ጠባብ መንገድ ውስጥ አምፖል ከሌለ፣ ገና ሲታጠፉ ምንም አይታይዎትም። ለፎቁ ጌጥ ከሚወጣው ጥቂቱ እዚያ መታጠፊያ ላይ አንድ ሁለት ምሰሶ ቢተክል፣ ሰፈሩ ስለ ፎቁ ያለው አስተያየት ራሱ የሚቀየር ይመስለኛል።

ወደ ተግባሩ። መጀመሪያ ወደ ወረዳ አይሂዱ፤ ወደ ሕንፃው አስተዳዳሪ ይሂዱ። ብዙዎቹ ማታ እዚያ ስለማይገኙ መብራቱ ምን እንደሚመስል ከሰው መኝታ ቤት አይተውት አያውቁም። ሰዓቱ የተጻፈበት ፎቶና የለኩትን ቁጥር ይዘው፣ ቢቻል ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ይሂዱ። «አጥፉልን» አይበሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቀለም መቀያየሩ እንዲቆም፣ ብርሃኑ ወደ ሲሶ እንዲቀንስ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት እንዲጠፋ። ቀለም የሚቀያይር መብራት መቆጣጠሪያ ስላለው ይህ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም፤ የገጠመው ኤሌክትሪሺያን ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ማስተካከል ብቻ ነው። መሬት ላይ የተተከሉ ፓውዛዎች ካሉ ደግሞ አንገታቸውን ማዞርና የቆርቆሮ ከለላ መግጠም ይበቃል።

አባትዎን የሚያሳስባቸው ከሆነ፣ ዓይናችን ብርሃን ሲቀንስ በቀነሰው ልክ አይሰማውም። ሲሶ የሆነ መብራት ከእንጦጦ መንገድ ሲታይ ያው የበራ ሕንፃ ነው። እርስዎ መስኮት ላይ ግን ሲሶው ሲሶ ነው።

አስተዳዳሪው ስለ ወጪ ቢያነሳ ስሌቱ ከእርስዎ ጎን ነው። ለምሳሌ 18 ዋት የሆኑ 200 መብራቶች ቢኖሩት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በሌሊት 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። 6 ሰዓት ላይ ቢጠፉ 20 ገደማ። «ሌላ አገር ሌሊቱን ሙሉ ያበራል» ካለ ደግሞ፣ ፈረንሳይ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንፃ ፊት መብራት ቢዘገይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንዲጠፋ ትደነግጋለች፤ የኤፍል ማማ ጌጥ መብራት እንኳ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ላይ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር።

እምቢ ካለ ያንኑ ፎቶና ቁጥር ይዘው በጽሑፍ ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ይያዙ። እስከዚያው ለልጅዎ ክፍል ከኋላው ጥቁር ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፤ ዳርና ዳሩ ከግድግዳው ጋር እንዲጣበቅ፣ ብርሃን የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በጠርዙ ነውና።

በጎንዎ ሌላ ፎቅ ሊጀመር ቆርቆሮ ታጥሮ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይንቀሳቀሱ፤ ከተተከለ በኋላ ከመለመን ሳይተከል መጠየቅ ይቀላል። አጥሩ ላይ የሚለጠፈው ምስል ሁልጊዜ ከሰማይ የተሳለ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ለባለቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ሁለት ሥዕል ይጠይቅ፦ አንድ ከመንገዱ ማዶ በሰው ቁመት በ10 ሰዓት ፀሐይ የሚታየውን፣ ሌላው በሌሊት ከአምስተኛ ፎቅ መስኮት የሚታየውን። ለነዳፊው ሁለቱም የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ናቸው።